የስማርት ሕንፃ ቁጠባ ለአከራይ፣ ወጪው ለተከራይ?

የቢሮ ሕንፃ የሚያከራይ ባለንብረት መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ሊፍቱንና መግቢያ በሩን በአንድ ሶፍትዌር የሚያስተዳድር ሥርዓት ሲያስገባ ለተከራዮቹ የሚነግራቸው በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ ሕንፃው ራሱን በራሱ ስለሚቆጣጠር የኃይል ፍጆታው ይቀንሳል፣ ምቾቱ ይጨምራል፣ ጥገናውም ይቀላል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። በተከራይ ዓይን ሲታይ ግን ግማሹን ብቻ የሚናገር ነው፤ ምክንያቱም ኃይል መቆጠቡ አንድ ጉዳይ ሲሆን፣ የተቆጠበው ገንዘብ ማን ኪስ እንደሚገባ፣ ሥርዓቱን ለመግጠም፣ ለማንቀሳቀስና ለማደስ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ከማን እንደሚሰበሰብ ሌላ ጉዳይ ነው። ለመጀመሪያው መልስ የሚሰጠው መሐንዲሱ ነው። ለሁለተኛው መልስ የሚሰጠው የኪራይ ውሉ ሲሆን፣ ውሉ ዝም ካለ ደግሞ በወሩ መጨረሻ የሚመጣው የክፍያ መጠየቂያ ይመልሰዋል።

ሕንፃን ከአንድ ክፍል ተቀምጦ መቆጣጠር በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። የተለያዩ ኩባንያዎች የሚሠሯቸው የማቀዝቀዣ፣ የመብራትና የእሳት አደጋ መከላከያ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ የሚያስችለው ባክኔት የተሰኘው የጋራ ደረጃ በአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር በኩል የወጣው በ1995 ነው (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው የሴንሰር ዋጋ መርከሱና መረጃው ከሕንፃው ወጥቶ በኢንተርኔት ወደ አቅራቢው ሰርቨር መሄዱ ነው። ይህ የኋለኛው ለውጥ የቴክኒክ ይመስላል እንጂ ይበልጡን የሒሳብ ለውጥ ነው፤ ቀድሞ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ምድር ቤት ባለ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ የነበረው ሶፍትዌር ዛሬ በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ ሆኗል። የአንድ ጊዜ ግዢ የባለንብረቱ ወጪ መሆኑ ብዙም አያከራክርም። በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ ግን የጥበቃና የጽዳት ደመወዝ ወደሚመዘገብበት የጋራ ወጪ መዝገብ በቀላሉ ይገባል።

የዘርፉ ሰዎች ምሳሌ ሲጠየቁ ቀድመው የሚጠቅሱት አምስተርዳም የሚገኘውን ዘ ኤጅ የተባለ ሕንፃ ነው። 40,000 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ይህ ሕንፃ በ2015 አገልግሎት ሲጀምር ወደ 28,000 የሚጠጉ ሴንሰሮች የተገጠሙለት ሲሆን፣ ኮርኒሱ ላይ ያሉት 6,000 ገደማ የኤልኢዲ መብራቶች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት መረጃ በሚያስተላልፈው በዚያው የኔትወርክ ገመድ ነው። ብሪያም የተሰኘው የብሪታንያ የሕንፃ ምዘና በወቅቱ ከሰጣቸው ነጥቦች ሁሉ የላቀውን፣ 98.4 በመቶ፣ ሰጥቶታል። ይህ ሁሉ ብዙ ተወርቶለታል። ለተከራይ ትምህርት የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ዋናው ተከራይ፣ የሒሳብ ምርመራና የማማከር ድርጅቱ ዴሎይት፣ 2,500 ገደማ ለሚሆኑ ሠራተኞቹ ያዘጋጀው ጠረጴዛ 1,000 ያህል ብቻ ነበር፤ ሠራተኛውን በስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያ ወደ ዕለቱ ቦታው ይመራዋል። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ ሂሳቡ ይልቅ የተከራዩን ወጪ ሊያቀል የሚችለው የሚከራየው ስፋት ማነሱ ነው። ይህ የሆነው ደግሞ ተከራዩ ሕንፃው በንድፍ ላይ ሳለ ከአልሚው ጋር ተቀምጦ ስለተነጋገረ ነው። ሕንፃው ካለቀ፣ ሥርዓቱም ከተገጠመ በኋላ አንድ ፎቅ ለሚከራይ ድርጅት እንዲህ ያለ ዕድል አይገጥመውም።

ሁለት ዓይነት ውል፣ ሁለት ዓይነት ጉዳት

የአከራይና የተከራይ ፍላጎት እዚህ ላይ አለመግጠሙ ከማንም ክፋት የመጣ አይደለም። ኪራዩ መብራትን፣ ውኃንና ጥበቃን ጠቅልሎ የያዘ ከሆነ፣ ሥርዓቱ ያስቀረው እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የባለንብረቱ ትርፍ ነው፤ ተከራዩ ዘመናዊ ሕንፃ በሚል ስም በካሬ የተጨመረበትን ኪራይ እየከፈለ ከቁጠባው አምስት ሳንቲም ላያይ ይችላል። ተከራዩ ፍጆታውን ለብቻው የሚከፍል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቁጠባው የተከራዩ ስለሚሆን ባለንብረቱ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት ያጣል፤ ካወጣም ወጪውን በሆነ መንገድ ለማሻገር ይሞክራል። በተግባር በጣም የተለመደው በሁለቱ መሐል ያለው ውል ነው፤ ኪራይ ለብቻው፣ በተለምዶ ሰርቪስ ቻርጅ የሚባለው የጋራ አገልግሎት ክፍያ ለብቻው። ባለንብረቱ በራሱ ንብረት ላይ ያዋለው ገንዘብ የተከራይ ዕዳ ሆኖ የሚመጣበት ቀዳዳ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

ኒውዮርክ ይህን ችግር በውል አንቀጽ ለመፍታት ከሞከሩት ከተሞች አንዷ ናት። በ2011፣ ማይክል ብሉምበርግ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ ሲልቨርስቲን ፕሮፐርቲስ የተባለው ባለንብረት ዊልመርሄል ከተባለው የጥብቅና ድርጅት ጋር ሰቨን ወርልድ ትሬድ ሴንተር ውስጥ ላለው ቢሮ በተፈራረመው ውል አንድ አዲስ አንቀጽ ገባ። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለንብረቱ ለኃይል ቁጠባ ያወጣውን ወጪ ከተከራዮች ማስመለስ ይችላል፤ በየዓመቱ የሚያስመልሰው ግን ገለልተኛ ባለሙያ ከተነበየው ቁጠባ 80 በመቶውን ብቻ ነው። ለምሳሌ አንድ ባለንብረት በ1,000,000 ዶላር የመቆጣጠሪያ ሥርዓት አስገብቶ ባለሙያው በዓመት 200,000 ዶላር ይቆጥባል ቢል፣ ባለንብረቱ የሚሰበስበው በዓመት 160,000 ዶላር ይሆናል፤ ገንዘቡ የሚመለስለትም በአምስት ዓመት መሆኑ ቀርቶ በስድስት ዓመት ከሦስት ወር ይሆናል። ቀሪው 20 በመቶ ትንበያው ከእውነታው ቢበልጥ ተከራዩ እንዳይጎዳ የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው። የሥርዓት ሻጮች ትንበያ ምን ያህል ብሩህ እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ይህ መጠባበቂያ ለምን እንዳስፈለገ አይጠይቅም።

ከተማዋ በ2019 ያወጣችው «ሎካል ሎው 97» የተባለው የከተማ ሕግ ነገሩን አክርሮታል። ሕጉ ከ25,000 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም ከ2,300 ካሬ ሜትር ገደማ በላይ ለሆኑ ሕንፃዎች ከ2024 ጀምሮ የካርቦን ልቀት ጣሪያ ያስቀምጣል፤ ከጣሪያው በላይ ለሚለቀቅ ለእያንዳንዱ ቶን 268 ዶላር ያስቀጣል። በሕጉ ተጠያቂው ባለንብረቱ ነው። ሆኖም ቅጣቱ፣ ወይም ቅጣቱን ለማስቀረት የሚገጠመው ሥርዓት ዋጋ፣ ወደ ተከራይ ይሸጋገር አይሸጋገር የሚለው ጥያቄ ተመልሶ የሚያርፈው ውሉ ላይ ነው። በአውሮፓ ኅብረትም እንዲሁ ነው፤ በ2018 የተሻሻለው መመሪያ የማሞቂያ ወይም የማቀዝቀዣ አቅማቸው ከ290 ኪሎዋት በላይ የሆኑ መኖሪያ ያልሆኑ ሕንፃዎች እስከ 2024 መጨረሻ የአውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ሥርዓት እንዲኖራቸው አዟል፣ በቴክኒክና በወጪ የሚቻል እስከሆነ ድረስ። መመሪያው ማን ይግጠም የሚለውን እንጂ ማን ይክፈል የሚለውን አይነካም።

ብሪታንያ ውስጥ የንብረት ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው የቻርተርድ ሰርቬየሮች ተቋም በ2018 ያወጣው የሙያ መመሪያ በዚህ ረገድ ጠንከር ያለ ነው። ባለንብረቱ ከጋራ አገልግሎት ክፍያ ትርፍ ማግኘት አይገባውም፤ ካወጣው ትክክለኛ ወጪ በላይም መሰብሰብ አይችልም፤ ከመደበኛ ጥገና አልፎ ሕንፃውን የሚያሻሽል ወጪ ደግሞ ጥቅሙ በስሌት ካልተደገፈ በቀር ተከራይ ላይ መጫን የለበትም። ክርክሩ እንግዲህ የሚነሳው ጥገና የት ላይ አልቆ ማሻሻያ የት ላይ እንደሚጀምር ነው። የተበላሸን የሙቀት መቆጣጠሪያ በተመሳሳይ መተካት ጥገና ነው፤ በዚያው አጋጣሚ ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝ፣ ዓመታዊ ፈቃድ የሚጠይቅ መቆጣጠሪያ ቢገባስ? መሣሪያው በጥገና ስም ይገባል፣ የዓመቱ ክፍያም ተከትሎት ይመጣል።

ለእኔ የተሻለ መስሎ የሚታየኝ የአውስትራሊያው መንገድ ነው። ናበርስ የተባለው የአገሪቱ የምዘና ሥርዓት ባለንብረቱ የሚቆጣጠረውን የሕንፃ ክፍል፣ ማለትም ማዕከላዊ ማቀዝቀዣውን፣ ሊፍቱንና የጋራ መተላለፊያውን፣ ተከራዩ ከሚቆጣጠረው ቢሮ ለይቶ ይመዝናል፤ ኮከብ የሚሰጠውም በ12 ወራት ውስጥ በተለካ ፍጆታ ላይ ተመሥርቶ ነው። የቢሮ ባለንብረቶችም ከ2010 ጀምሮ በወጣ ሕግ፣ ስፋቱ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነን ቢሮ ሲሸጡ ወይም ሲያከራዩ ውጤታቸውን የመግለጽ ግዴታ አለባቸው። በእንዲህ ዓይነቱ ምዘና ስንት ሴንሰር ተገጠመ የሚለው ነጥብ አያስገኝም። የሚቆጠረው ቆጣሪው ያነበበው ነው።

በደረሰኙ ላይ የማይታየው

የተከራይ ወጪ በኪራይና በጋራ ክፍያ አያበቃም። የሰው መኖርን የሚለየው የተለመደው ሴንሰር የሚያነበው የሰውነት ሙቀት እንቅስቃሴን ነው፤ ሠንጠረዥ ላይ አቀርቅሮ ሃያ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ የሒሳብ ሠራተኛ ለሴንሰሩ የሌለ ሰው ነውና መብራቱ ይጠፋበታል፤ እጁን ወደ ኮርኒሱ እያወዛወዘ መልሶ ያበራዋል። ይህ የሚያስቅ ነው። የሚያስከፍለው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሴንሰሮቹ የተተከሉት ወለሉ ያልተከፋፈለ አዳራሽ ሳለ ነው፤ ተከራዩ ገብቶ በጂፕሰምና በመስታወት ፓርቲሽን ለሥራ አስኪያጁ፣ ለስብሰባና ለሰርቨር ክፍል ሲሸነሽነው የአንዱ ክፍል ሴንሰር የሌላውን መብራት የሚያዝበት፣ የማቀዝቀዣው ሙቀት መለኪያ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ቀርቶ ጎረቤቱን ክፍል በብርድ የሚያንቀጠቅጥበት ሁኔታ ይፈጠራል። ይህን ለማስተካከል ፕሮግራሙ እንደገና መሠራት አለበት፤ እንዲሠራው የሚፈቀድለትም ብዙ ጊዜ ባለንብረቱ ያጸደቀው አንድ ተቋራጭ ብቻ ስለሆነ ዋጋ አወዳድሮ ማሠራት አይቻልም። ተከራዩ ሲወጣ ወለሉን ወደነበረበት ለመመለስ ከተስማማ ያንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

የጊዜ አለመመጣጠንም አለ። የቢሮ ኪራይ ውል ሦስት ወይም አምስት ዓመት ሲሆን የመቆጣጠሪያ መሣሪያው ዕድሜ ከዚያ በእጅጉ የረዘመ ነው። የመሣሪያው ዋጋ በውሉ ዘመን ውስጥ ተጠቃልሎ እንዲከፈል ከተደረገ፣ ተከራዩ ከሄደ በኋላ ለሚመጣው ሰው የሚሠራ ዕቃ ገዝቶ ወጣ ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ በተቃራኒው ከሕንፃው ቀድሞ ያረጃል፤ አቅራቢው አገልግሎቱን ሲያቋርጥ ጤነኛ የሆነው ሴንሰር ሁሉ አብሮ ከጥቅም ውጪ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሁሉ ወጪ ማሳመኛ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ከኃይል ቁጠባ ውጪ ያለ ነው። ጄኤልኤል የተባለው የሪል እስቴት አማካሪ ድርጅት ባስለመደው ግምታዊ ስሌት፣ አንድ ድርጅት በዓመት ለአንድ ስኩዌር ጫማ ለውኃና ለኃይል 3 ዶላር፣ ለኪራይ 30 ዶላር፣ ለሠራተኞቹ ደመወዝ 300 ዶላር ያወጣል። በዚህ ስሌት የኃይል ወጪን በ10 በመቶ መቀነስ 30 ሳንቲም ብቻ ሲያስገኝ፣ የሠራተኛን ውጤታማነት በ1 በመቶ ማሳደግ 3 ዶላር ያስገኛል። የስሌቱ አመክንዮ ትክክል ነው። ችግሩ የኪራይ ጭማሪው በብር ከነሳንቲሙ የሚታወቅ ሆኖ ሳለ፣ ንጹሕ አየርና ጥሩ ብርሃን ያመጡት ውጤታማነት ግን በማንም ደረሰኝ ላይ ተለክቶ የማይመጣ መሆኑ ነው። ባለንብረቱ የሚሸጠው በ300ው ስም ነው፤ ዋስትና የሚሰጠው፣ ከሰጠም፣ በ3ቱ ላይ ብቻ ነው።

የመረጃ ጉዳይ ራሱን የቻለ ወጪ አለው። በጥር 2016 የብሪታንያው ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጠኞች በየጠረጴዛቸው ሥር ሰው መቀመጥ አለመቀመጡን የሚከታተል መሣሪያ ተገጥሞ አገኙ፤ አስተዳደሩ የኃይል አጠቃቀምን ለማጥናት ነው ቢልም ተቃውሞው ስለበረታ መሣሪያዎቹ ወዲያው ተነሡ። እዚያ መሣሪያውን ያስገጠመው አሠሪው ራሱ ነበር። ሴንሰሩ የባለንብረቱ ሲሆን ግን የተከራዩ ሠራተኞች መቼ እንደገቡ፣ መቼ እንደወጡ፣ ስብሰባው ስንት ሰው እንደነበረው የሚያሳየው መረጃ የሚቀመጠው ተከራዩ በማያዝበት ሰርቨር ላይ ነው። በ2013 የአሜሪካው ታርጌት መደብር የ40 ሚሊዮን ደንበኞች የካርድ መረጃ የተሰረቀው፣ ዘራፊዎቹ የማቀዝቀዣ ሥራ ተቋራጩን የመግቢያ ይለፍ ቃል ቀድመው እጃቸው ስላስገቡ ነው። የጥብቅና ወይም የፋይናንስ ድርጅት ለሆነ ተከራይ፣ የሕንፃው ኔትወርክ ከራሱ ኔትወርክ ፍጹም እንዲለይ ማድረግ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ ገንዘብ ግን ይጠይቃል።

አዲስ አበባ ላይ ሲሆን

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ዓመቱን ሙሉ አየሯ ለዘብ ያለ ከተማ ናት። ለአምስተርዳም ወይም ለኒውዮርክ ሕንፃ የተሠራው የቁጠባ ስሌት በአብዛኛው የሚቆመው በማሞቂያና በማቀዝቀዣ ላይ በመሆኑ፣ መስኮት ከፍቶ መሥራት በሚቻልበት አገር እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። ማቀዝቀዣ ግድ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሕንፃው ከላይ እስከ ታች በማይከፈት መስታወት ስለተሸፈነ ነው፤ ያኔ ስማርት ሥርዓቱ የሚቆጥበው ንድፉ ራሱ የፈጠረውን ፍጆታ ይሆናል፣ ተከራዩም ለስሕተቱም ለእርማቱም ይከፍላል።

በእርግጥ ያለ ማዕከላዊ መቆጣጠሪያ የማይታሰቡ ሕንፃዎች አሉ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 209 ሜትር ከፍታ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው፤ እዚያ ግን ባለቤቱ ራሱ ዋናው ተጠቃሚ ስለሆነ ያወጣውም የሚቆጥበውም ለራሱ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው በቦሌ፣ በሃያ ሁለትና በመገናኛ አካባቢ ፎቅ በፎቅ ተሸንሽኖ የሚከራየው መካከለኛ ሕንፃ ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ሕንፃ የዕለት ራስ ምታት የመብራት መቋረጥ፣ የጀነሬተር ናፍጣ፣ የውኃ ፈረቃና የሊፍት ብልሽት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ቆጣሪ ለሕንፃው በሙሉ ሲያነብ ሂሳቡ ለተከራዮች በካሬ ይከፋፈላል፤ አራት ላፕቶፕ ብቻ ያለው የጠበቃ ቢሮና ሰርቨሮቹን ሌሊትና ቀን የሚያሠራው ጎረቤቱ እኩል 100 ካሬ ስለተከራዩ እኩል ይከፍላሉ። በዚህ ሁኔታ ጠበቃው መብራት ቢያጠፋ ባያጠፋ ለውጥ የለውም፤ የቆጠበው ለሁሉም ይከፋፈላልና። ስለዚህ እንዲህ ላለ ሕንፃ ቀዳሚው ስማርት ዕቃ በየቢሮው የሚገባ ንዑስ ቆጣሪ ነው፤ ቀጥሎ ጀነሬተሩ የሠራበትን ሰዓትና የፈጀውን ናፍጣ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ ከዚያም ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ሲሞላ ፓምፑን የሚያቆም መለኪያ። ፊትን አይቶ በር የሚከፍት ካሜራና መግቢያው አዳራሽ ላይ ቁጥር የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን ከዚህ ሁሉ ቀድመው የሚገጠሙበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ለሕንፃ ማሻሻጫ ይታያሉ፣ ንዑስ ቆጣሪ ግን አይታይም።

የዋጋው ጉዳይም እየከበደ መጥቷል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗልና ፍጆታን መለካት ከበፊቱ የበለጠ ያዋጣል። በሌላ በኩል የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ መቆጣጠሪያው፣ መለዋወጫውና የሶፍትዌሩ ዓመታዊ ፈቃድ የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ የጋራ አገልግሎት ክፍያው «እንደ ወጪው» እንደሚሰላ የፈረመ ተከራይ የምንዛሪውን ስጋት አብሮ ፈርሟል።

ሕጉ ለዚህ ተከራይ ብዙም አይደርስለትም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ብቻ ነው። የቢሮ ኪራይ የሚገዛው በዋናነት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ በዚያ ሕግ አንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው፤ ያልተጻፈውን ፍርድ ቤት ይጨምርልኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ አያዋጣም። በመረጃ በኩል ግን እንዲሁ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መነሻ ይሆናል፤ የሠራተኞችን መግቢያና መውጫ ወይም የፊት ምስል የሚሰበስብ ሥርዓት የግል መረጃ እያስተናገደ ነውና፣ መረጃው ለምን ዓላማ እንደሚውል፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥና ተከራዩ ሲለቅ ምን እንደሚሆን ውሉ ላይ ሊሰፍር ይገባል።

ተከራዩ ከመፈረሙ በፊት ሊያስገባ የሚችለው ነገር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው፤ የጋራ አገልግሎት ክፍያው ውስጥ የሚገቡት ወጪዎች በስም ይዘርዘሩ፣ የሥርዓቱ መግዣ ዋጋ ከዚያ ይውጣ ወይም በመሣሪያው ዕድሜ ተከፋፍሎ ከተረጋገጠው ቁጠባ እንዳይበልጥ ይገደብ፣ የቢሮው ፍጆታ በንዑስ ቆጣሪ ይነበብ፣ የጀነሬተሩ መዝገብም ለተከራይ ክፍት ይሁን። ከሁሉ በፊት ግን ሕንፃው ባለፉት 12 ወራት ለጋራ አገልግሎት ያወጣውን ዝርዝር ሂሳብ መጠየቅ ይቀድማል። ሥርዓቱ እያንዳንዷን አምፖል ይቆጥራል የሚል አከራይ ይህን ሂሳብ ለማቅረብ የአንድ ቀን ሥራ እንኳ አይፈጅበትም።